ከኦታጎ መንገድ እስከ ቦረሬግ፦ በአንድ መምህርና ባግፓይፕ ነፊ ፈለግ የስድስት ቀን ጉዞ

ሼይመስ ማክኒል ቀን ቀን በስኮትላንዱ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ ባግፓይፕ፣ ከረጢትና ቱቦዎች ያሉትን የትንፋሽ መሣሪያ። በ1917 ተወልደው በ1996 ዐረፉ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዩኒቨርሲቲው በጡረታ ቢሰናበቱም ከባግፓይፑ አልተሰናበቱም። በ1944 ከቶማስ ፒርስተን ጋር የመሠረቱትን የባግፓይፕ ኮሌጅ እስከ መጨረሻው መሩት፤ «ፓይፒንግ ታይምስ» የተባለውን ወርኃዊ መጽሔትም ለብዙ አሥርት ዓመታት አዘጋጁ። ሥራቸው ሲጠቃለል ከአፍ ወደ ጆሮ ይተላለፍ የነበረውን ሙያ ማንም ቁጭ ብሎ ሊማረው በሚችል ቅደም ተከተል ማስቀመጥ ነበር። ስለዚህ ይህ መንገድ ከትምህርት ቤቱ ይነሣና ወደ ምንጩ ይወጣል።

ወቅቱ ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ቢሆን ጥሩ ነው። በኦገስት አጋማሽ በግላስጎው ግሪን የሚካሄደው የዓለም የባግፓይፕ ባንዶች ሻምፒዮና አለ፤ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ደግሞ የኢንቨርነሱ ውድድር። በስድስት ቀን ሁለቱንም ለማየት መሞከር ግን ሁለቱንም ማጣት ነው። ጉዞው የመምህሩ ከሆነ የኢንቨርነሱ ይመረጣል።

ቀን 1፦ ግላስጎው

የግላስጎው የምድር ውስጥ ባቡር መስመሩ ክብ ነው። ያሉት 15 ጣቢያዎች ብቻ ስለሆኑ ተሳፋሪ መውረጃውን ቢያልፈውም ዞሮ ይመለስበታል። ለዚህ ቀን የሚያስፈልጉት ሁለቱ ናቸው፦ ኬልቪንብሪጅና ካውካደንስ። ከኬልቪንብሪጅ ወጥቶ ጥቂት በእግር ሲሄዱ ኦታጎ መንገድ ይገኛል። ኮሌጁ ለረጅም ዘመን ያስተማረው እዚህ ነው፤ በ2018 ከብሔራዊው የባግፓይፕ ማዕከል ጋር ተዋሐደ። ከኮሌጁ በፊት ይህን መሣሪያ የሚማረው በአብዛኛው ነፊ ዘመድ ያለው ወይም ወታደር ቤት የገባ ሰው ነበር። ማክኒል ራሳቸው የተማሩት ከዓይነ ስውሩ ነፊ ከአጎታቸው ከአርቺ ማክኒል ነው። በ1953 ከፒርስተን ጋር ያሳተሙት አረንጓዴ ሽፋን ያለው መማሪያ እነሆ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ጀማሪ እጅ ላይ አለ።

ትምህርቱ በከረጢቱ አይጀመርም። ጀማሪ መጀመሪያ የሚይዘው ፕራክቲስ ቻንተር ነው፦ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ገደማ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ በአፍ በቀጥታ የሚነፋ መለማመጃ። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ከእሱ ጋር መቆየት የተለመደ ነው። ከፊት ሰባት፣ ከኋላ አንድ ቀዳዳ አለው፤ ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ እጅ ከታች ይሆናል። ዋሽንት የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው በአያያዙ ነው፤ ጣቱን አጥፎ በጫፉ ሊደፍን ይፈልጋል። እዚህ ጣት ቀጥ ይላል፣ ቀዳዳውም በጣት ሆድ ይሸፈናል፤ የታችኛው እጅ እንዲያውም በመካከለኛው አንጓ ነው የሚደፍነው። የታችኛው ድምፅ ከተሰነጠቀ ወይም ጭራሽ ካልወጣ በአንዱ ቀዳዳ አየር እያመለጠ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ ትንሿ ጣት ናት። መድኃኒቱ አጥብቆ መጫን አይደለም። የተጨነቀ ጣት ይደነዝዛል፣ ኋላም ፍጥነት አይኖረውም።

የመሣሪያውን ጠባይ ለመረዳት አንድ ነገር ይበቃል፦ ባግፓይፕ ዝም አይልም። አየሩ ከከረጢት ስለሚመጣ በምላስ መቁረጥ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ በመሃል ማረፍ አይቻልም። ታዲያ አንድ ድምፅ ሁለቴ ተከታትሎ ሲመጣ በምን ይለያል? በመካከላቸው ሌላ ጣት ብልጭ ብላ ተነሥታ በምትመለስበት ቅጽበታዊ ድምፅ። ለሰሚ ጌጥ ትመስላለች፤ ለነፊ ግን ነጠላ ሰረዝም አራት ነጥብም እሷ ናት። የመማሪያው ቅደም ተከተልም በዚህ ላይ ቆሟል፦ መጀመሪያ ዘጠኙ ድምፆች፣ ቀጥሎ ነጠላዎቹ ጌጦች፣ ከዚያ ድርቦቹ፣ በመጨረሻ ውስብስቦቹ። ዘለል ያለ ተማሪ ዞሮ መመለሱ አይቀርም። በተለይ ከታችኛው እጅ ወደ ላይኛው ሲሻገር ጣቶቹ እኩል ካልተነሡ በሁለቱ ድምፆች መሃል ያልተጠራ ሦስተኛ ይሰማል፤ ይህን ጥፋት ሥር ከሰደደ በኋላ ማረም ከአዲስ ከመማር ይከብዳል። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይሻላል።

ከሰዓት በኋላ ከኬልቪንብሪጅ ተሳፍሮ በሁለተኛው ጣቢያ ካውካደንስ መውረድ። ማክፋተር መንገድ ላይ ያለው ብሔራዊው ማዕከል በ1996፣ ማክኒል ባረፉበት ዓመት፣ በቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ ተከፈተ። በሙዚየሙ ጊዜ ሰጥቶ መታየት ያለበት አንድ ቻንተር (ዜማው የሚጫወትበት የመሣሪያው ቱቦ) ነው፤ የጌርሎኩ ዓይነ ስውር ነፊ የኢያን ዳል ማካይ። የልጅ ልጁ በ1805 ወደ ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ሲሰደድ ይዞት ሄደ፤ ኋላ ተመልሶ መጣ። በሕይወት ካሉት የዚህ መሣሪያ ቻንተሮች ሁሉ አሮጌው እሱ እንደሆነ ይነገራል። የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይ የጣት ዘመን ይነበባል።

ቀን 2፦ የዩኒቨርሲቲው ኮረብታ

ዩኒቨርሲቲው ከኦታጎ መንገድ በእግር የሚደረስበት ነው። የመምህሩ ሁለት ሕይወት እንዲህ ጎን ለጎን መሆኑን ማየት ብቻውን ደረጃ መውጣቱን ይክሳል። ማክኒል ከፊዚክስ ሊቁ ከጆን ሌኒሃን ጋር ሆነው በ1950ዎቹ የቻንተሩን ቅኝት በመሣሪያ ለኩ። የታችኛው ኤ (ኤ ከተባሉት ሁለት ድምፆች ዝቅተኛው) በሰከንድ 459 ንዝረት አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ተወዳዳሪዎች 480 ላይ ናቸው፤ ባንዶች ብሩህ ድምፅ ስለሚወዱ ሠሪዎቹ ከዓመት ዓመት ከፍ አደረጉት። ኖታው ላይ ኤ ተብሎ ይጻፋል እንጂ የሚሰማው ከፒያኖው ቢ ፍላት እንኳ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ከኪቦርድ ጋር ልጫወት የሚል ሰው ለ466 የተሠራ ሌላ ቻንተር ያስፈልገዋል። የሠርግ ቀን ጠዋት ይህን የሚያውቅ ኪቦርዲስት ደስ አይለውም።

መቃኘቱ የሙያው ግማሽ ነው፤ የፊዚክስ መምህር ደግሞ የሚያስረዳበት ቦታ ነው። መሣሪያው ከቻንተሩ ሌላ በግራ ትከሻ ላይ የሚቆሙ ሦስት ድሮኖች አሉት። ድሮን ሲባል አገር ቤት ሌላ ነገር ትዝ ይላል፤ ይኼኛው ከዜማው ሥር አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ የሚዘልቅ ቱቦ ነው። ሁለቱ አጫጭር ቴነር ናቸው፣ አንዱ ረጅም ቤዝ። የታችኛው ኤ 480 ከሆነ ቴነሮቹ 240፣ ቤዙ 120 ላይ መቆም አለባቸው። ከእነሱ በላይ ሲ 600፣ ኢ 720 ሲሆኑ ከድሮኖቹ ጋር ይዋሐዳሉ። ለዚህ ነው ሲ፣ ኤው ከፒያኖው ቢገጥም እንኳ፣ ከፒያኖው ሲ ሻርፕ ጋር የማይገጥመው። አልተሳሳተም፤ የሚገጥመው ከራሱ ድሮን ጋር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መንፋት፤ ቀዝቃዛ መሣሪያ ሲሞቅ ድምፁ ሽቅብ ስለሚሄድ ከዚያ በፊት የተቃኘ ሁሉ ይፈርሳል። ቀጥሎ የአንዱን ቴነርና የቤዙን አፍ በጣት ነክቶ ዝም ማሰኘት። በግራ እጅ ብቻ ከፍተኛውን ኤ ይዞ፣ በቀኝ እጅ የቀረውን ቴነር የላይኛውን አካል ቀስ እያሉ ማዞር፦ ወደ ላይ ሲሳብ ቱቦው ይረዝማል፣ ድምፁ ይወርዳል፤ ወደ ታች ሲገፋ ይወጣል። ሁለት ድምፆች ሲቀራረቡ «ዋው ዋው» የሚል ምት ይሰማል። አንዱ 240 ሌላው 241 ቢሆኑ ምቱ በሰከንድ አንድ ነው። እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ሲጠፋ ገጥሟል ማለት ነው። ሁለተኛው ቴነር ከመጀመሪያው ጋር ይቃኛል፣ ቤዙ በመጨረሻ። ጀማሪ የሚስተው ጆሮው ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ክንዱ ነው የሚያስተው። ሲቃኝ ከረጢቱን ካላላ፣ ሲጫወት ካጠበቀ፣ ቻንተሩ ከድሮኖቹ በላይ ስለሚነቃነቅ የተገጠመው ወዲያው ይለያያል። የሚፈለገው ግፊት 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ የውሃ ዓምድ የሚያነሣ ነው፤ ዋናው ግን ልኩ ሳይሆን አለመዋዠቁ ነው። በትንፋሽ ሲሞላ ክንድ ይለቃል፣ ትንፋሽ ሲወሰድ ክንድ ይጫናል፤ ሁለቱ ሲቀባበሉ ሰሚው መጋጠሚያውን ማወቅ የለበትም።

ከቻንተሩ አንድ ድምፅ ብቻ ከፍ ብሎ ቢያስቸግር በዚያው ቀዳዳ የላይኛ ጠርዝ ላይ ጠባብ የፕላስተር ቁራጭ ይለጠፋል፤ ቀዳዳው ሲጠብ ድምፁ ይወርዳል። ሁሉም ድምፆች ዝቅ ካሉ፣ በተለይ የላይኛው እጅ፣ ሪዱን፣ በቻንተሩ አናት የሚሰካውን ድምፅ ሰጪ የሸንበቆ ምላስ፣ ጥቂት ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ብዙ ሰው ግን አንድ ድምፅ ዝቅ ሲልበት ቢላዋ አንሥቶ ቀዳዳውን ያሰፋል። የተፋቀ እንጨት አይመለስም፣ ፕላስተር ይነሣል።

እንጨቱን ካነሣን አይቀር፣ ደህና ባግፓይፕ የሚሠራው አፍሪካን ብላክዉድ ከሚባለው ጥቁርና ከባድ እንጨት ነው። ለሠሪዎቹ የሚደርሳቸው በአብዛኛው ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው፤ ዛፉ ግን በእኛም ቆላ ይበቅላል፣ በመተማ በኩል ዞቢ የሚሉት ነው። ከ2017 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገባ፣ በ2019 ያለቀ የሙዚቃ መሣሪያ ነጻ ሆነ። የዝሆን ጥርስ ቀለበት ያለው አሮጌ መሣሪያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፦ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ከተሻገረ ይወረሳል።

ቀን 3፦ ወደ ስካይ

ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ነው፤ ከግላስጎው ፖርትሪ ሰባት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሎክ ሎሞንድ፣ ግሌንኮ፣ ፎርት ዊሊያም እያለ ሄዶ በ1995 በተሠራው ድልድይ ወደ ደሴቱ ይሻገራል። በስተግራ መስኮት የተቀመጠ ሎክ ሎሞንድን በደንብ ሳያይ ያልፋል፤ ውሃው በስተቀኝ ነው።

መሣሪያ ይዞ ለሚጓዝ ሰው፦ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሚጠመጠመው በሰም የታሸ ክር በደረቅ አየር ይሟሽሻል፤ በአውሮፕላን የመጣ መሣሪያ ሲከፈት ቱቦዎቹ የሚወላለቁት ለዚህ ነው። ትርፍ ክርና ትንሽ ንብ ሰም መያዝ ይበቃል። ክሩ ቱቦው በእጅ እንዲዞር፣ በራሱ ክብደት ግን እንዳይወርድ ተደርጎ ይጠመጠማል። የቻንተሩ ሪድ ቆብ ባለው ማስቀመጫ ውስጥ ይቆይ፤ ከደረቀ ድምፁ ይጨማደዳል፣ ከራሰ ይታፈናል። ሪድ መፋቂያ ቢላዋ በእጅ ሻንጣ አይገባም።

ቀን 4፦ ደንቬገንና ቦረሬግ

ከፖርትሪ ደንቬገን 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ሎኩን (ወደ የብስ የገባውን የባሕር ክንድ) በምዕራብ በኩል ዞሮ ወደ ቦረሬግ የሚወስደው መንገድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ነው። በየመቶ ሜትሩ የተሠራው ሰፋ ያለ ቦታ ለመተላለፊያ እንጂ ለማቆሚያ አይደለም፤ ፎቶ ለማንሣት እዚያ የሚቆም እንግዳ የመንደሩ ዋና ቅሬታ ነው። በመኪና እንጂ በሕዝብ ማመላለሻ ለመድረስ ማሰብ ቀኑን ያባክናል።

ቦረሬግ ላይ የሚታየው ትንሽ ነው፦ ሣር፣ ነፋስ፣ ባሕር፣ በ1933 የቆመ የድንጋይ ክምር መታሰቢያ። ማክሪመኖች፣ የደንቬገን ባላባቶች የማክላውዶች ነፊዎች፣ ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ ያስተላለፉት፣ ከሌላ አገር የመጡ ተማሪዎችንም ያስተማሩት እዚህ ነው። ጌርሎክ ላይ ተወልዶ የግላስጎው ሙዚየም ቻንተር ባለቤት የሆነው ኢያን ዳልም ከእነሱ የተማረ መሆኑ ይወሳል።

ያስተማሩት ታላቁን ሙዚቃ ነው፤ ፒብሮክ ይባላል። አንዱ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። የሚነሣው ኡርላር፣ ማለትም ወለል፣ በተባለ ዝግ ያለ ዜማ ነው። ቀጥሎ ዜማው እየተራቆተ ጌጡ እየበዛ በደረጃ ይወጣል፣ ቱርሉአ የተባለው ክፍል ይመጣል፣ ከዚያ ክሩንሉአ፤ እዚያ ላይ ጣቶቹ ስለሚፈጥኑ አንዱን ከሌላው ዓይን አይለይም። በመጨረሻ ወደ ወለሉ ተመልሶ ያበቃል። በትውፊት ከስምንት ልጆቹ ሰባቱን በፈንጣጣ ያጣው ፓትሪክ ሞር ማክሪመን የደረሰው ሙሾ ከእነዚህ ሁሉ በላይ ይቀመጣል።

ማክሪመኖች ይህን የሚያስተምሩት በኖታ አልነበረም፤ ካንታራክ በሚባሉ ቀለሞች ነበር። «ሂሃሪን፣ ሆዲን» እያለ መምህሩ ያዜማል፣ ተማሪው ይቀበላል። አናባቢው ዋናውን ድምፅ፣ ተነባቢው ጌጡን ያመለክታል። በ1797 አካባቢ ከካምቤል ቤተሰብ አንዱ ይህን በጽሑፍ አሰፈረው፤ ወረቀቱን ብቻ ይዞ ግን ማንም አይጫወትም። የአብነት ትምህርት ቤትን ደጃፍ የረገጠ አንባቢ ነገሩን ወዲያው ይይዘዋል፦ በድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ የተጻፈው ምልክትም ለሚያውቀው ማስታወሻ ነው፤ ለማያውቀው ያለ መሪጌታ አይናገርም።

ማክኒል በመጽሐፍና በሬዲዮ ፒብሮክን ሲያስረዱ ኖታን ተጠቅመዋል፤ የኖታውን ጉድለትም አልሸሸጉም። ወረቀት የትኛው ድምፅ እንደሚረዝም ሊያሳይ ይችላል፣ ምን ያህል እንደሚረዝም ግን መምህር ያዜመዋል። አረንጓዴውን መጽሐፍ ገዝቶ መምህር ሳይፈልግ የቀረ ሰው ጣቱ ትክክል ሆኖ ዜማው የማይሰማው ለዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ የደንቬገን ግንብ። በ1967 የተጀመረው የብር ቻንተር ውድድር መነሻው እዚሁ ነው። ጥቂት ነፊዎች ብቻ ይጋበዛሉ፤ ሁሉም የማክሪመኖችን ሥራ ይጫወታሉ።

ቀን 5፦ ኢንቨርነስ

ከፖርትሪ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። እንደ ደረሱ መጀመሪያ ፎርት ጆርጅን ማየት ይሻላል፤ ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ፣ የመንግሥት ጦር የስኮትላንድን ደጋ (የሃይላንድን) ዓመፀኞች በ1746 ካሸነፈበት ከከሎደን ጦርነት በኋላ የተገነባ ምሽግ ነው። በውስጡ ያለው የሃይላንድ ወታደሮች ሙዚየም የካሜሮን ሃይላንደርስን ታሪክ ይዟል። እነዚህ በ1941 ከሕንድ ጦር ጋር ሆነው ከረንን የተዋጉት ናቸው፤ ከከረን በላይ ያለው አንድ ሸንተረር እስከ ዛሬ በእነሱ ስም ካሜሮን ሪጅ ይባላል።

በዚህ አካባቢ አስጎብኚዎች ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ ከከሎደን በኋላ ባግፓይፕ በሕግ ታገደ። የ1746ቱ ሕግ ግን ጦር መሣሪያንና የሃይላንድ ልብስን ነው የከለከለው፤ ባግፓይፕን በስም አይጠራም። ጄምስ ሪድ የተባለ ነፊ በዚያው ዓመት ዮርክ ላይ ተሰቅሏል፣ ፍርድ ቤቱም ባግፓይፕ የጦርነት መሣሪያ ነው ብሏል፤ ከአንድ ሰው ፍርድ እስከ አጠቃላይ እገዳ ግን ሩቅ ነው።

የኢንቨርነሱ ኖርዘርን ሚቲንግ በ1788 የተመሠረተ ማኅበር ነው፤ የወርቅ ሜዳሊያው የፒብሮክ ተጫዋች ሁሉ ህልም ነው። ማክኒልም ይህን ሜዳሊያ አግኝተዋል። ተወዳዳሪው ያጠናቸውን ዜማዎች ዝርዝር ያቀርባል፣ ዳኞች አንዱን ይመርጡለታል፤ ኖታ የለም፣ ሁሉም በቃል ነው። በተመልካችነት ለሚቀመጥ ሰው ሦስት ነገር መስማት ይበቃል። አንደኛ፣ ሲጀምር ከረጢቱን መትቶ ድሮኖቹና ቻንተሩ እኩል ይነሣሉ ወይስ አንዱ ይዘገያል? ሁለተኛ፣ አሥረኛው ደቂቃ ላይ ድሮኖቹ ከቻንተሩ ጋር ናቸው ወይስ «ዋው ዋው» ጀምሯል? ብዙ ሜዳሊያ የሚጠፋው እዚህ ነው፤ መብራቱ ያሞቀዋል፣ የነፊው ትንፋሽ ያርሰዋል፣ መሃል ላይ ቆሞ መቃኘት ደግሞ አይፈቀድም። ሦስተኛ፣ በክሩንሉአ ላይ ፍጥነቱ ሲጨምር ጌጦቹ እኩል ይሰማሉ ወይስ ይዋዋጣሉ? ዜማ የዘነጋ ነፊ ይታወቃል፦ አንድ መስመር ደግሞ ይመለስና ያቆማል፣ ጎንበስ ብሎ ይወጣል። ተመልካቹ ያጨበጭብለታል፤ ዳኛው ግን እርሳሱን አስቀምጧል።

ቀን 6፦ መመለስ

ከኢንቨርነስ ግላስጎው በባቡር ሦስት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ከመነሣት በፊት መሣሪያው ይደርቃል፦ በእያንዳንዱ ድሮን ውስጥ ክር ያለው ጨርቅ ይሳባል፣ የመንፊያው ውስጥ ይጠረጋል፣ የቻንተሩ ሪድ በቆቡ ውስጥ ይገባል። የቆዳ ከረጢት ከሆነ አፉ ተከፍቶ ይሰቀል እንጂ ተጣጥፎ ሣጥን ውስጥ አይታሸግ፤ ይሻግታል። አዲስ እንጨት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ15 ደቂቃ በላይ አይነፋ፤ ከውስጥ እርጥበት ጠጥቶ ከውጭ የደረቀ ቱቦ ከአፉ ጀምሮ ይሰነጠቃል።

ግላስጎው ሲደርሱ አረንጓዴውን መጽሐፍ ከማክፋተር መንገድ ሱቅ መግዛት ይቻላል። የመጀመሪያ ትምህርቱ ዘጠኝ ድምፆች ብቻ ነው፤ ከታችኛው ጂ እስከ ከፍተኛው ኤ፣ ወደ ላይና ወደ ታች።